አሮጌዋ መኪና ገና ዓመታት ትሄዳለች፤ ኪሳችንን የሚያራቁተው ግን "ይሄን ቀይረን እንያት" የሚለው ጥገና ነው

በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ተናገሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ፣ ዕድሜያቸው ከ7 ዓመት በላይ በሆኑ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላርም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ሦስቱን አንድ ላይ ስንደምራቸው ነገሩ ግልጽ ነው። አሁን በእጃችን ያለችው ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ዲኤክስ፣ ወይም ሃያ ምናምን ዓመት ያገለገለች ሚኒባስ ቶሎ የምትተካ አይደለችም። ባለቤቷ ሸጦ የተሻለች ልግዛ ቢል ዋጋው አይቀመስም። የኤሌክትሪክ ልግዛ ቢልም መነሻ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ስለዚህ አሮጌዋ መኪና ገና ዓመታት ትሠራለች። በታክሲ ሥራ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ደግሞ መኪናዋ አንድ ቀን ጋራዥ ዋለች ማለት የዚያን ቀን እንጀራ ቀረ ማለት ነው።

መለዋወጫውም የሚገባው በዶላር ነው። ዶላር ሲጨምር የዲናሞውም፣ የሞተሪኖውም፣ የፍሬን ሸራውም ዋጋ አብሮ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ያልተበላሸ ዕቃ አውጥቶ ሌላ መግጠም ድሮ ከነበረው በላይ ያከስራል። ጋራዥ ውስጥ የሚሆነውን ያየ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ብዙው ጥገና ዛሬም የሚሠራው በግምት ነው።

ለምንድን ነው በግምት የሚቀየረው?

ጥፋቱን ሁሉ መካኒኩ ላይ መጫን ይቀላል። ግን እስቲ የጋራዡን ሂሳብ እንየው።

መካኒክ የሚከፈለው "የእጅ" ነው። አንድ ዕቃ ፈትቶ ሌላ ሲገጥም የእጁን ይጠይቃል፣ ባለመኪናውም ትንሽ ተከራክሮ ይከፍላል። ያው መካኒክ ሁለት ሰዓት ሙሉ መልቲሜትር ይዞ ሽቦ ለሽቦ ሲፈልግ ቆይቶ "ችግሩ ይቺ የላላች ብሎን ናት" ብሎ ቢያጠብቃትና ለሁለት ሰዓቱ ክፈል ቢልስ? "ለአንዲት ብሎን ነው እንዴ ይሄ ሁሉ!" ብለን ጸብ እንጀምራለን።

ስለዚህ ገበያው ራሱ መካኒኩን ያስተማረው ይህንን ነው፦ ፈልጎ ማግኘት አይከፈልበትም፣ መቀየር ይከፈልበታል። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ "መጀመሪያ ባትሪ እንቀይርና እንያት፣ ካልሆነ ዲናሞ" የሚለው አሠራር ቢነግሥ ምን ይገርማል? ምርመራውን በነጻ ስለምንፈልግ የግምቱን ዋጋ በዕቃ እንከፍላለን።

ከዚህ መውጣት ይቻላል። አብዛኛው የአሮጌ መኪና ብልሽት ደግሞ ድብቅ አይደለም፤ በቅደም ተከተል ለጠየቀው ሰው ራሱን ይናገራል። በብዛት የሚያጋጥሙትን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፦ "ጠዋት አልነሳም አለች"

እዚህ ላይ ተጠርጣሪዎቹ አራት ናቸው፦ ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ እና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማሳ፤ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደው ገመድ።

ምንም መሣሪያ ሳይኖር እንኳ መጀመር ይቻላል። የፊት መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ክፉኛ ከደበዘዘ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ የባትሪው ጫፍ ላይ ያለው ማሰሪያ ላልቷል ወይም ዝጓል። መብራቱ እንደደመቀ ቀርቶ ሞተሩ ድምፅ ካላሰማ ግን ባትሪውን ተዉት፤ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው፣ ወደ ቁልፉና ወደ ሽቦው ይዞራል። መኪናዋ አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን "ኤን" ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። በዚያ ከተነሳች ችግሩ የማርሽ ማብሪያው ጋ ነው፣ ሞተሪኖ መግዛት አያስፈልግም።

"ጠ ጠ ጠ ጠ" የሚል ፈጣን ድምፅ ብዙውን ጊዜ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ማሰሪያ ምልክት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ "ጠቅ" ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖው ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ይጠረጠራል።

መልቲሜትር ካለ ደግሞ ክርክሩ ያበቃል። ማንኛውም ባለመኪና ሊገዛው የሚገባ ዕቃ ነው፤ አጠቃቀሙንም ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይለምዱታል። ቁጥሮቹን ያዙ፦

መኪናዋ አድራ ጠዋት ሳትነሳ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት አካባቢ ካነበበ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ሞተሩ ሲነሳ፣ ቁልፉ እንደተያዘ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ጭነት አይችልም፤ መጀመሪያ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ድገሙት።

ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12 ምናምን ላይ ከቀረ ዲናሞው፣ ቺንጋው ወይም ሽቦው ይታይ። ከ15 በላይ ከሄደ ደግሞ ከልክ በላይ እየሞላ ስለሆነ ባትሪውንም አምፖሎቹንም ያቃጥላል።

ማሳውን ለመፈተን የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጉና ሰው ቁልፉን ያዙር። 0.2 ወይም 0.3 ቮልት ቢታይ ደህና ነው። 1 ቮልት ከታየ ግን ገመዱ ነው ጉልበቱን የሚበላው። ባትሪም ሞተሪኖም ዲናሞም ተቀይሮላት ዛሬም የማትነሳ መኪና ካያችሁ መጀመሪያ ይህንን ፈትኑ። መፍትሔው ገመዱን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ መልሶ ማሰር ሊሆን ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ "ካልጠፋች ዲናሞው ደህና ነው" ማለት ዛሬም በየጋራዡ ይታያል። በድሮዎቹ መኪኖች ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ኮምፒውተር ባላት መኪና ላይ ግን ቮልቱ በድንገት ዘሎ ኮምፒውተሩንም ዲናሞውንም ሊያቃጥል ይችላል። መካኒኩ እጁን ወደዚያ ሲሰድ ካያችሁ አስቁሙት።

ሁለተኛ፦ "አዲስ ባትሪ ገዝቼ በሁለት ቀን አለቀ"

ባትሪው አዲስ ሆኖ፣ ዲናሞውም እየሞላ፣ መኪናዋ ቆማ ስትውል ባትሪ ከጨረሰች አንድ ነገር በድብቅ እየጠጣው ነው። ብዙ ጊዜ በኋላ የተጨመሩ ዕቃዎች ናቸው፦ አላርም፣ ቴፕ፣ ጂፒኤስ፣ ወይም በሩ ቢዘጋም የማይጠፋ የጓንት ሳጥን መብራት።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ቆማ ባለች መኪና የሚሄደው ኤሌክትሪክ ከ0.05 አምፒር ባይበልጥ ይመረጣል። 0.5 አምፒር ከሆነ በቀን 12 አምፒር ሰዓት ይወጣል። የቪትዝ ዓይነት ትንሽ መኪና ባትሪ 40 አምፒር ሰዓት ገደማ ቢሆን በሁለተኛው ቀን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ማለዳ ብርድ ሲጨመርበት ሞተር አያስነሳም።

አፈላለጉ እንዲህ ነው። ቁልፉን ማውጣት፣ በሮቹን መዝጋት፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትቶ መልቲሜትሩን በአምፒር በኩል መሃል ማስገባት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ። በዚህ መሃል መኪናዋን ለማስነሳት አትሞክሩ፤ መልቲሜትሩ ይቃጠላል። ቁጥሩ ከፍ እንዳለ ከቀረ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ ወረደ? ሌባው እዚያ መስመር ላይ ነው።

ሦስተኛ፦ "ትሞቃለች፣ ውሃ ትጨርሳለች"

ይህ ጉዳይ ለአዲስ አበባ ሰው የተለየ ትርጉም አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ መኪኖች ሞተር ደግሞ በደህናው ቀን የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አያችሁ?

ውሃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ተራ መክደኛ አይመስላችሁ። ጤነኛ ከሆነ ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው ካረጀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን መኪናዋ ፒያሳን ስትወጣ መፍላት ትጀምራለች። ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፣ ከሁሉም ኋላ የሚታየውም እሱ ነው።

ቀጥሎ "መቼ ነው የምትሞቀው?" ብሎ መጠየቅ ነው።

ቆማ ወይም በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ሞቃ፣ ስትሄድ የምትቀዘቅዝ ከሆነ ፋኑ ነው የሚጠረጠረው፤ ሞተሩ፣ ፊውዙ ወይም ማስነሻው።

በትራፊክ ውስጥ ደህና ሆና ዳገት ስትወጣ ወይም በረጅም መንገድ የምትሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል ወይም የውሃው ዝውውር ቀንሷል።

ተነስታ ብዙም ሳትቆይ የምትሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይ የውሃ ፓምፑ አይሠራም፣ ወይ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል።

የመጨረሻው ከባድ ወጪ ስላለው ያለ ማስረጃ አትቀበሉት። ማስረጃዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ሞተሩ እየሠራ በራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ፣ የሞተር ዘይቱ ማኪያቶ መምሰል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ፣ የሚያፈስ ቦታ ሳይታይ ውሃ መጉደል። ጠዋት ላይ ለትንሽ ደቂቃ የሚታይ ነጭ እንፋሎት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። አረፋውን ለማየት ክዳኑ መከፈት ያለበት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ ሳይነሳ በፊት ነው። የፈላ ራዲያተር መክፈት ፊት ያቃጥላል።

ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣልም የተለመደ "መፍትሔ" ነው። ችግሩን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም። ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። ከመጣል በፊት በአሮጌ ድስት ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ አሙቁት። ብዙዎቹ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ውሃው ሊፈላ ሲል አፉን ሲከፍት ታዩታላችሁ። ካልከፈተ ይቀየር።

የቧንቧ ውሃ ብቻ መጠቀምም ሌላው ጠላት ነው። ዝገት ይፈጥርና ራዲያተሩን ይደፍነዋል። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡንም ይጨምራል።

አራተኛ፦ "ጉልበት የላትም፣ ነዳጅ ትበላለች፣ መብራቷም በርቷል"

በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ የያዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌላት መኪና እዚህ ጉልበቷ ቢቀንስ በሽታ ነው ማለት አይደለም። ካርቡራተር ያላቸው የድሮ መኪኖች ደግሞ ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከሉ ከቀሩ ነዳጁ ይበዛባቸዋል። ለከፍታው የሚስማማ ማስተካከያ ብቻ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ከዚያ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ማየት ነው። ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደህና ያቃጥላል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ወይም የአየር ፊልትሮው መደፈኑን ይናገራል። በዘይት የራሰ ከሆነ ዘይት ወደ ውስጥ እየገባ ነው፣ ፋሻው ወይም የቫልቩ ጎማ ይታይ። የጭሱም ቀለም ይህንኑ ይደግማል፤ ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዛ፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት ተቃጠለ ማለት ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ፣ በአውሮፓ ደግሞ ከ2001 ወዲህ ለገበያ የቀረቡ የቤንዚን መኪኖች የብልሽት ኮድ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚነበብበት መሰኪያ አላቸው። በስልክ የሚሠራ ማንበቢያም አለ። ግን ኮዱን ማንበብና ችግሩን ማወቅ አንድ አይደሉም። "ፒ0171" የሚለውን ውሰዱ። ትርጉሙ "ሞተሩ ውስጥ አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል" ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ኦክስጅን ሴንሰር ሊገዛ ይሮጣል። ሴንሰሩ ግን መልእክተኛ ነው፤ ጥፋቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ኮድ የሚነግረን ከየትኛው ሰፈር ፍለጋ እንደምንጀምር ነው። ቤቱን ማግኘት የመካኒኩ ሥራ ነው።

ቀልድ የማያውቁ ሁለት ነገሮች

እስካሁን ያየነው ገንዘብ የሚያከስር ነው። ቀጥሎ ያለው ሕይወት የሚያስከፍል ነው።

አንዱ ፊውዝ ነው። 15 አምፒር ፊውዝ የተሠራው ከዚያ በላይ ሲመጣ ቀልጦ ሽቦውን ለማዳን ነው። ሲቃጠል በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት ማያያዝ እሳቱን ከፊውዙ ወደ ሽቦው ማዛወር ማለት ነው። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ አንድ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት ነክቷል፤ እሱ ይፈለግ።

ሌላው ፍሬን ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከላላ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ ወይም ዋናው የፍሬን ፓምፕ ደክሟል። ሲረገጥ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ አንዱ ጎማ ላይ ያለው ፍሬን ተጣብቋል ወይም አይዝም። የፍሬን ዘይት ደግሞ በጊዜ ብዛት እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የያዘ ዘይት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። በእንደዚያ ዓይነት መንገድ ዘይቱ ያረጀ መኪና በፍሬን ብቻ መውረድ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ ያስፈልጋል። ከምርመራው በፊት ግን ፍሬኗ የተጠረጠረች መኪና ባትነዳ ይሻላል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከባለመኪናው እንጀምር። ጋራዥ ስትገቡ "ባትሪ ቀይርልኝ" ወይም "ሴንሰር አስገባልኝ" አትበሉ። የሚሰማችሁን ምልክት ተናገሩ፦ መቼ እንደሚጀምር፣ ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ፣ ስትቆም ነው ስትሄድ። ከዚያ ለምርመራው ብቻ ዋጋ ተነጋገሩና ክፈሉ። ቢከብድም ትርፉ የእናንተ ነው። መካኒኩ "ይሄ ዕቃ ሞቷል" ሲል "ምን ለክተህ ነው?" ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። የሚያውቅ መካኒክ በዚህ አይቆጣም፣ እንዲያውም ያሳያችኋል። አንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ይቀየር፤ ሦስት ነገር አብሮ ከተቀየረ የትኛው እንደፈወሳት አይታወቅም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተረከቡ። የተሠራውን ሁሉ ከነኪሎ ሜትሩና ቀኑ በደብተር መዝግቡ።

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ዕቃ ስትገዙ፣ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ስታስልኩ፣ በመኪናዋ ስም ብቻ አትግዙ። በቻሲስ ቁጥሯ ትክክለኛውን የዕቃ ቁጥር አስወጡ። አሮጌውን ይዛችሁ አስተያዩ። ፎርጅድ ዕቃ በገባበት ገበያ ንጹሕ ሆኖ የተፈታ ያገለገለ ኦሪጅናል ዲናሞ ከአዲስ ፎርጅድ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ለፍሬንና ለመሪ ዕቃ ግን ያገለገለ አትመኑ።

ጋራዦችም ለምርመራ ግልጽ ዋጋ ቢያወጡና ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ ከደንበኛ ጋር የሚያጣላቸው ነገር ይቀንሳል። ጎበዙ መካኒክ በእውቀቱ ይከፈለዋል፣ ገማቹም ይለያል።

መንግሥትም ድርሻ አለው። አሮጌ መኪና በሌላ እንዳይተካ የሚያደርግ ፖሊሲ አውጥቶ፣ ያለችውን በደህንነት ለማሽከርከር የሚያስፈልገውን ዕቃ ጥራት አለመቆጣጠር አብሮ አይሄድም። የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት ጥራት ቁጥጥር፣ ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ከወረቀት አልፎ ፍሬንን በትክክል የሚለካ መሆኑ፣ በቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ከመፍታትና ከመግጠም ይልቅ ለመለካት ሰፊ ሰዓት መስጠቱ በአዲስ ሕግ ሳይሆን ባለው ሥርዓት ሊሠራ የሚችል ነው።

ይህ ደግሞ ለነገም ስንቅ ነው። የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ዋስትናቸው አልቆ ወደ ሰፈር ጋራዥ መምጣታቸው አይቀርም። እነሱ ውስጥ ያለው ባትሪ የብዙ መቶ ቮልት ነው፤ "ይሄን ቀይረን እንያት" የሚባልበት አይደለም፣ በስህተት የነካውን ይገድላል። ዛሬ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ መጀመሪያ መለካትን የለመደ ወጣት መካኒክ ነገ ያንን መኪና ለመክፈት የተሻለ ዝግጁ ይሆናል። እኛም ዛሬ ለምርመራው የምንከፍላት ብር ለእሱ ትምህርት ቤት ትሆናለች።

አሮጌ መኪና ለሚይዝ ወዳጃችሁ አጋሩት። መኪናችሁ ያለ ምክንያት ዕቃ የተቀየረላት ከሆነም ምልክቷን ጻፉልን፤ ለሌላው ሰው ትምህርት ይሆናል።